የተሰረቀ ጽሑፍ ከኢንተርኔት የሚወርደው እንዴት ነው?

አንድ ሰው ለቀናት የለፋበት ጽሑፍ በማግስቱ ሌላ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የጸሐፊው ስም የለም። ቢበዛ ከሥሩ «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ» ይላል፤ ይህ ደግሞ ምንጭ መጥቀስ አይደለም። በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በየቀኑ ያዩታል። የቴሌግራም ቻናሉ ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፣ የፌስቡክ ገጹ ስሙን ቆርጦ ያጋራል፣ የዩቲዩብ ቻናሉ ጽሑፉን በትረካ ድምፅ አንብቦ የማስታወቂያ ገንዘብ ይሰበስብበታል። የሰው እጅ ጭራሽ የማይነካው ስርቆትም አለ፤ ስክራፒንግ ይሉታል። ፕሮግራሙ የድረ ገጾችን የአርኤስኤስ መስመር (አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ በራሱ የሚያሰራጨውን) እየተከታተለ፣ አዲስ ጽሑፍ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉውን ገልብጦ ማስታወቂያ በታጨቀበት ገጽ ላይ ያወጣዋል። ብዙ ጸሐፊዎች በአርኤስኤስ መግቢያውን ብቻ የሚለቁት ለዚህ ነው።

ሕግ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ጽሑፉ የራስ የፈጠራ ሥራ ከሆነና በጽሑፍ ከሰፈረ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል። ጥበቃው ጸሐፊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። ለሞራል ጉዳት የሚወሰነው ካሳ ከ100,000 ብር እንደማያንስም አዋጁ ደንግጓል። የማይጠበቀው ሐሳቡና መረጃው ነው። ጽሑፍህን አንብቦ ያንኑ ነገር በራሱ ቋንቋ የጻፈ ሰው ሊያናድድህ ይችላል፣ ሌባ ግን አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 በስልክ ማውጫ ክርክር ላይ የወሰነው ይህንኑ ነበር፤ ደረቅ መረጃ የማንም ንብረት አይደለም። ምንጭ ጠቅሶ ጥቂት መስመር መውሰድም ይፈቀዳል። ነገር ግን «ክሬዲት ሰጥቻለሁ እኮ» ማለት ሙሉውን ለመገልበጥ ፈቃድ አይሆንም። በየቦታው የሚሰማው ሰበብ ይሄ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ ክሬዲት ፈቃድ አይደለም።

ችግሩ የት ሄዶ መክሰስ ይቻላል የሚለው ነው። ገልባጩ በቅጽል ስም ተደብቋል፣ ሰርቨሩም ያለው ውጭ አገር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን የተቀመጠ ጸሐፊ በተግባር የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የአሜሪካ ሕግ፣ ዲኤምሲኤ የሚባለውን ነው። ይህ ሕግ እንደ ፌስቡክና ዩቲዩብ ላሉት መድረኮች አንድ ትልቅ ከለላ ይሰጣቸዋል፦ ተጠቃሚ ለጫነው የተሰረቀ ሥራ አይጠየቁም፣ ነገር ግን የባለመብቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቶሎ ማውረድ አለባቸው። የማያውቁት ሰው ለሚልከው ደብዳቤ መልስ የሚሰጡት ይህን ከለላ ላለማጣት ነው። ደብዳቤው የተሰረቀው ሥራ የትኛው እንደሆነ፣ ቅጂው ያለበትን ትክክለኛ ሊንክ፣ የላኪውን አድራሻና ፊርማ ይይዛል። ቅጂው ያለ ፈቃድ የተለጠፈ መሆኑን በቅን ልቦና እንደሚያምን ላኪው ይጽፋል፤ የሰጠው መረጃ ትክክል መሆኑንም ያረጋግጣል፤ ባለመብቱ ወይም ወኪሉ ነኝ ማለቱ ውሸት ከሆነ በሐሰት ምስክርነት ያስጠይቀዋል። ስድብና ምሬት አያስፈልገውም። የገጹን ዋና ሊንክ ብቻ ልኮ «ይሄ ገጽ ሌባ ነው» ማለትም ዋጋ የለውም፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ በሊንኩ መጠቆም አለበት።

ከዚያ በፊት ግን ማስረጃ ይያዝ። ሌባው መልእክት ሲደርሰው ቀኑን ሊቀይር ወይም አጥፍቶ በሌላ ስም ሊለጥፍ ይችላል። ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት ጥሩ ነው፤ የበለጠው ግን ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የከፈተው ዌይባክ ማሽን ነው። የራስንም የሌባውንም ገጽ እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ቀኑን የሚመዘግበውም ሦስተኛ ወገን ነው። ይህ ከተያዘ በኋላ ለገጹ ባለቤት በውስጥ መስመር መጻፍ አይከፋም። «ይቅርታ፣ የማን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር» ብሎ ወዲያው የሚያወርድ አለ። ብሎክ የሚያደርግም አለ።

ገልባጩ የራሱ ድረ ገጽ ካለው ደብዳቤው ለአስተናጋጁ፣ ማለትም ድረ ገጹን በሰርቨሩ ላይ ለሚያኖረው ድርጅት ይሄዳል። ማን እንደሆነ ሁኢዝ በሚባለው የኢንተርኔት አድራሻዎች መዝገብ ፍለጋ ይገኛል። አንዳንዴ የሚታየው ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት ብቻ ነው፤ እሱ በአብዛኛው ከፊት የቆመ መጋረጃ ስለሆነ አቤቱታውን ተቀብሎ ወደ ትክክለኛው አስተናጋጅ ያስተላልፋል። አስተናጋጁ ዝም ቢል እንኳ ጉግል ቅጂውን ከፍለጋ ውጤቱ እንዲያወጣ በፎርም መጠየቅ ይቻላል። እኔ ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል፤ ገልባጩ የሚኖረው ከፍለጋ በሚመጣ አንባቢ ነውና።

በብዕር ስም የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጉግል የሚደርሱትን ጥያቄዎች ሉመን ለሚባል የሕዝብ ማኅደር ይልካል፣ የላኪው ስም እዚያ ሊወጣ ይችላል። ዩቲዩብም ቪዲዮው እንዲወርድ የጠየቀው ማን እንደሆነ ለቻናሉ ባለቤት ያሳውቃል። ስሙ መታወቁ ለአደጋ የሚያጋልጠው ሰው በጠበቃ ወይም በሌላ ወኪል በኩል ቢልክ ይሻላል፤ ሕጉም ይፈቅዳል።

የተከሰሰውም ወገን «ሥራው የኔ ነው» ብሎ መከራከሪያ ማቅረብ ይችላል። ያኔ ባለመብቱ ፍርድ ቤት ካልሄደ መድረኩ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ መልሶ ይለጥፈዋል። አሜሪካ የሚኖሩ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ እዚያው አገር የወጣ ሥራ አስቀድሞ በአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ ካልተመዘገበ ክስ እንደማይከፈትበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወስኗል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ግን እስከ 30,000 ዶላር ካሳ የሚወስን፣ ያለ ጠበቃ መቅረብ የሚቻልበት የቅጂ መብት ቦርድ ተከፍቷል። ተከሳሹ በ60 ቀን ውስጥ «እዚህ አልዳኝም» ካለ ነገሩ ያበቃል፣ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

ይህን መሣሪያ ትችት ለማፈን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል። ሊተቸው ጥቂት መስመር የጠቀሰን ሰው በቅጂ መብት ስም ማስወረድ ራሱ በደል ነው። አውቆ ሐሰተኛ የአቤቱታ ደብዳቤ የላከ ሰው ካሳ ሊከፍል እንደሚችልም ዲኤምሲኤ ይናገራል።

ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥልጠና ጽሑፍ የሚሰበስቡት ሮቦቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ የወሰዱትን የትም አይለጥፉም፣ ስለዚህ የሚወርድ ሊንክ የለም። ማድረግ የሚቻለው ድረ ገጹ ላይ በሚቀመጥ፣ ሮቦትስ በሚባል ፋይል መከልከል ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ጂፒቲቦት የተባለው ሮቦቱ በዚህ ፋይል ሊከለከል እንደሚችል አስታውቋል። ፋይሉ ግን የሚሠራው ለሚያከብረው ሮቦት ብቻ ነው፤ ከመከልከሉ በፊት የተወሰደውንም አይመልስም።