የአናሳ ማኅበረሰብ ሴቶች የአመራር ሥልጠና በወሎ

በወሎ ገጠር የሴቶች የአመራር ሥልጠና የሚታወቅ መልክ አለው። ከየቀበሌው የተመለመሉ ሴቶች ለጥቂት ቀናት ወረዳ ከተማ ይሰበሰባሉ፤ ስለ ስብሰባ አመራር፣ ስለ ቃለ ጉባኤ አያያዝ፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ መሬት ሕግ ይማራሉ፤ ውሎ አበላቸውን ፈርመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አዘጋጁ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የሴቶች ማኅበር፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ይሆናል። የሚፈለገው ሴቶች በቀበሌ ምክር ቤት፣ በመሬትና በውሃ ኮሚቴ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወንበር እንዲያገኙ፣ ወንበር ያገኙትም አፍ አውጥተው እንዲናገሩ ነው። ከአናሳ ማኅበረሰብ ለምትመጣ ሴት ግን ችግሩ የሚጀምረው አዳራሹ ሳይከፈት በፊት፣ የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ሲወጣ ነው።

አናሳው ማን ነው

ለዚህ ጥያቄ ወሎ አንድ መልስ የላትም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በደቡብ ወሎ ከነዋሪው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙስሊም ነው። ሰሜን ወሎ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው። በከሚሴ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሕዝብ በአማራ ክልል ውስጥ አናሳ፣ በዞኑ ውስጥ ግን ብዙኃን ነው። ቀድሞ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል የነበረው የዋግ ኽምራ አገውም እንዲሁ። እዚያው ከሚሴ ዞን ውስጥ አማርኛ ተናጋሪዋ ሴት በተራዋ አናሳ ትሆናለች፤ ወደ ባቲ ቆላ ሲወረድ ደግሞ አፋሯ።

አርጎባዎች የሚኖሩት ከደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። የራሳቸው ልዩ ወረዳ አላቸው፤ ከወረዳው ውጪ ደግሞ በኦሮሞ ዞን እንደ ሾንኬና ጦልሃ ባሉ፣ በድንጋይ ቤቶቻቸው በሚታወቁ የተራራ መንደሮች ይገኛሉ። ቋንቋቸው በአብዛኛው አካባቢ ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን ለቋል፤ በእነዚህ ሁለት መንደሮች ግን ዛሬም ይነገራል።

እነዚህ ሁሉ ቢያንስ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስም አላቸው። ስም የሌለው ሌላ ወገን አለ፦ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ በአንዳንድ ቦታ ሸማኔውም። ቋንቋቸው የጎረቤታቸው ቋንቋ፣ ሃይማኖታቸውም የጎረቤታቸው ሃይማኖት ስለሆነ በየትኛውም የብሔረሰብ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገቡም። ሆኖም ለዘመናት ጋብቻ ተከልክለዋል፣ በቡዳነት ታምተዋል፣ ርስት ተነፍገዋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ በሕግ ፊት እኩል ቢሆኑም፣ ጀበናውንና ምጣዱን የሠራችው ሴት ገበያ ላይ ትፈለጋለች እንጂ ለሠርግ ገበታ አትጠራም ነበር። ይህ ልማድ እየላላ ቢመጣም አልጠፋም። «አናሳ» የሚለውን ቃል በብሔረሰብ ብቻ የሚተረጉም ሥልጠና የመጀመሪያ ስህተቱን የሚሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለአርጎባዋ ኮታ ይመድባል፣ ሸክላ ሠሪዋን ግን አያያትም።

ከሥልጠናው በፊት የነበረ አመራር

ወሎ በሴት መተዳደርን ከሥልጠና ሰነድ አልተማረችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወረ ሂማኖ በተባለው የወሎ ግዛት ወርቂት ልጇን ተክታ ስታስተዳድር፣ ልጇ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሻገሩ ያለፉት በእሷ ግዛት ነው፤ የወርቂት ልጅም በዚያው ሰሞን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። ተቀናቃኟ መስታወት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ከጦሩ ጋር ወግና በቀጣናው ፖለቲካ ውስጥ እጇን አስገብታለች። ከዚያ በፊት የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን፣ ከዚያም በኋላ የአምባሰሏ ተወላጅ እቴጌ መነን አስፋው ነበሩ። ደሴ ያለው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤትም የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን አስፋው እናት ስም ነው። ይህ ሁሉ ሲነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁሉም የመሳፍንት ልጆች ናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ በዚያ በር አልገባችም።

ለተራዋ ሴት የቀረበው አመራር ሌላ ቦታ ነው። በሙስሊሙ ዘንድ ዱበርቲዎች አሉ፤ በዕድሜና በዱዓ የተከበሩ እናቶች ናቸው። ነፍሰ ጡር ስትከብድ፣ በሽታ ሲገባ፣ ዝናብ ሲዘገይ ተጠርተው ቡና ይፈላላቸዋል፣ ይመርቃሉ፣ ያስታርቃሉም። ክርስቲያኗ ጎረቤትም ምርቃታቸውን ትሻለች። በሌላ በኩል ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። በብዙ ቦታ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይቀበራሉ። ወንዶቹ መቃብር ሲቆፍሩና ድንኳን ሲተክሉ፣ ሴቶቹ እህል ያዋጣሉ፣ ይጋግራሉ፣ ተራ ያወጣሉ፣ የቀረችውን ይቀጣሉ። ሁለት መቶ ለቀስተኛ በአንድ ቀን ማስተናገድ ዕቅድ፣ በጀትና የሰው ኃይል ምደባ ይጠይቃል፤ ይህን ስታደርግ የኖረችን ሴት «አመራር ምንድን ነው?» ብሎ ከሀ መጀመር ትንሽ ድፍረት ነው። የጎደላት ሌላ ነገር ነው፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር፣ የጽሑፍ ሥራ፣ ወንዶች በተቀመጡበት ሸንጎ ላይ የመናገር ልምድ።

እዚህ ላይ ቅሬንም ማሞገስ ብቻ አይበቃም። አንዳንዱ ቅሬ የእጅ ባለሙያዎችን በራሱ ቅሬ እንዲደራጁ ለይቷቸው ኖሯል። ሥልጠናው በነባር ማኅበራት በኩል ሴቶችን ሲመለምል፣ ማኅበሩ ያገለላቸውን ሴቶች አብሮ ያገልላል።

ሕጉ የሚሰጠው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው የበታችነት የተነሳ ልዩ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 54 ደግሞ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲኖራቸው ያዛል። በአማራ ክልል የኦሮሞና የዋግ ኽምራ ዞኖች የራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው። በወረቀት ላይ ሁለቱ መብቶች፣ የሴትነቱና የአናሳነቱ፣ ይደመራሉ፤ በተግባር ግን የሴቶች ወንበር ብዙኃን ለሆነችው፣ የአናሳው ወንበር ለወንዱ መድረሱ የተለመደ ነው።

በሥልጠና ላይ ሴቶቹን በጣም የሚያነቃው ግን አንቀጽ 34 ነው። በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በደቡብ ወሎና በከሚሴ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በስፋት ስለሚሠሩ፣ «ካልፈቀድሽ አትገደጂም፣ ከፈቀድሽ ደግሞ ውሳኔው ይጸናል» የሚለው ዕውቀት በፍቺና በውርስ ጊዜ በቀጥታ የሚያገለግል ነው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ማድረጉም እንዲሁ ይነገራል፤ ልጇን የዳረች እናት እዚያው ተቀምጣ ስለምትሰማ ይህኛው ክፍል ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፋል።

መሬት፣ ቁጠባና ቋንቋ

አማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል። ይህ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ደብተሩ ግን በሬ አያስጠምድም። ሴት ሞፈር እንዳትጨብጥ ልማዱ ስለሚከለክል፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬቷን ምርቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለሚካፈላት አራሽ ትሰጣለች፤ አራሹ ዘመድ ሲሆን ደግሞ ቀስ በቀስ ባለቤት ይመስላል። ጥሩ ሥልጠና የሚባለው እዚህ ላይ ወርዶ የኪራይ ውል እንዴት በጽሑፍ እንደሚደረግ፣ የት እንደሚመዘገብ፣ ምስክር ማን እንደሚሆን የሚያስተምር ነው። ስለ «በራስ መተማመን» ግማሽ ቀን ከመናገር ይህ ይበልጣል።

በቁጠባ በኩል ብዙ የተሠራበት ዘዴ የመንደር ቁጠባና ብድር ቡድን ነው። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት አባላት እጅ ይቀመጣሉ፣ ሣጥኑ የሚከፈተው ሁሉም ባሉበት ነው። ፊደል ያልቆጠረችም ሴት የቆጠበችውን በማኅተም ትከታተላለች። ችግሩ ወለድ ነው። ለሙስሊም ሴቶች ወለድ ያለበት ብድር ሐራም ስለሆነ፣ ይህን ያላሰበ ፕሮግራም በከሚሴ፣ በአርጎባና በደቡብ ወሎ ቆላ ውስጥ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» የሚል ሪፖርት ጽፎ ይመለሳል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን ከፈቀደ ወዲህ መንገዱ ተከፍቷል፤ የመንደር ቡድኖችም ትርፍ በመጋራት ወይም ያለ ጭማሪ በመበዳደር ሊሠሩ ይችላሉ።

ቋንቋው የራሱ ጣጣ አለው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በኦሮሞ ዞን ግን ልጆች የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች የደዋ ጨፋ ወጣት በራሷ ቋንቋ ቃለ ጉባኤ አሳምራ ትጽፋለች፤ ከባሕር ዳር የሚመጣውን መመሪያ ግን ሌላ ሰው ካላነበበላት አትጠቀምበትም። በዋግ ደግሞ ኽምጣና የተባለውን የአገው ቋንቋ ብቻ ለሚናገሩ እናቶች አሠልጣኙ በአማርኛ ተናግሮ ሌላው ሲያስተረጉም ቀኑ በግማሽ ይቀነሳል። ለዚህ የተሻለው መፍትሔ ከማኅበረሰቡ የወጣች አሠልጣኝ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ቀድሞ አሳይቷል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ በተቻለ መጠን ከዚያው ቀበሌ ተመልምለው አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመድበዋል። ለብዙ ቀበሌ በደመወዝ የምትሠራ የመጀመሪያዋ የአገሬው ልጅ፣ ስብሰባም የምትጠራ፣ እሷ ነበረች።

ጊዜውም ይታሰብበት። የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፤ ረመዳን አለ፤ አጨዳ አለ። በገበያ ቀን ሥልጠና መጥራት ሻጯን ሴት አትምጪ ማለት ነው፤ የሸክላ ሠሪዋ የሳምንት ገቢ ደግሞ ያቺው አንድ ቀን ናት።

ወንበሩና ሥልጣኑ

በኮሚቴ ምርጫ ሴቶች የሚሰጣቸው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያዥነት ነው፤ «ሴት ገንዘብ አታባክንም» ይባላል። ምስጋና ይመስላል፤ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ግን ወንድ ሆነው ይቀራሉ። አጀንዳ የሚያወጣው ሰብሳቢው፣ የተባለውን የሚጽፈው ጸሐፊው ስለሆነ፣ ገንዘብ ያዧ ሌሎች የወሰኑትን ቆጥራ ትሰጣለች። የሥልጠና ሪፖርት ደግሞ «በአመራር ላይ ያሉ ሴቶች» ብሎ ሦስቱንም አብሮ ይደምራል። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት የፌዴራል ካቢኔ ግማሹ ሴቶች መሆናቸው በየወረዳው አዳራሽ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሯል። የላይኛው ምሳሌ ግን የውሃ ኮሚቴውን ጸሐፊ አልቀየረም።

ያልተጠበቀ የአመራር ምንጭ የሆኑት ከዓረብ አገር ተመላሾች ናቸው። ደቡብ ወሎና የከሚሴ ዞን ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት በብዛት ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ወደዚሁ ገቡ። የተጎዱ አሉ፣ ዕዳ ላይ የወደቁ አሉ። ነገር ግን ዓረብኛ የሚናገሩ፣ ከአሠሪ ጋር የተከራከሩ፣ ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ የራሳቸውን ገንዘብ የያዙ ሴቶችም ናቸው። የመንደሩ ሰው ግን ስለ ኑሯቸው ያማል፤ ሥልጠናውም የሚያያቸው እንደ ተጎጂ እንጂ እንደ ዕጩ አይደለም። ይህ ብክነት ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ መዝገብ ጠፍቷል፣ ሴቶች ከፍተኛ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የሥልጠናው ይዘትም ተቀየረ፤ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ጥቃትን ማሳወቅ፣ የዕርዳታ እህል ክፍፍልን መቆጣጠር ተጨመሩ። ተፈናቃይ በሚመዘገብበት ጊዜ ማን ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ኮሚቴ ስለሆነ፣ ቋንቋዋን የሚናገር ሰው በኮሚቴው ውስጥ ያላት ሴትና የሌላት ሴት እኩል አልተስተናገዱም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድንና ስብሰባን አከበደ። አሁን ሥልጠና በአብዛኛው የሚሰጠው በደሴና በኮምቦልቻ ባሉ አዳራሾች ነው፤ ከሾንኬ ተራራ ወይም ከዋግ ቆላ ለምትመጣ ሴት የትራንስፖርት ክፍያ ቢኖርም መንገዱ ክፍት ስለመሆኑ ዋስትና የለም። አንዳንድ አዘጋጆች አጭር ሥልጠና በቅሬው ቤት፣ ለዚያው ቅሬ ሴቶች ብቻ መስጠት ጀምረዋል። ወጪው ይቀንሳል፣ ተሳታፊው ይበዛል፤ በራሷ ቅሬ የተለየችው ሸክላ ሠሪ ግን አሁንም ለብቻዋ መጠራት አለባት።