ለአካባቢ ማህበራት ገንዘብ ስለመስጠት፦ ከአደጋ በፊት የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ዕርዳታ ማሰባሰብ ያን ያህል አይከብድም፤ ጉዳቱን ያየ ሁሉ እጁን ይዘረጋል። አደጋው ሳይደርስ ለአንድ የአካባቢ ማህበር የመዘጋጃ ገንዘብ መጠየቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ በሩን የሚዘጉት ከታች ያሉት ግምቶች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሰው የሚያተርፈው ከውጭ የሚመጣ የነፍስ አድን ቡድን ነው»

በጃንዋሪ 1995 የጃፓንን ኮቤ ከተማ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የሠለጠነ ቡድን መንገድ ተቆርጦበት፣ ስልክ ጠፍቶበት ሲዘገይ፣ ማን የት ክፍል እንደሚተኛ፣ መራመድ የማይችለው አዛውንት በየትኛው ቤት እንዳለ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ጎረቤት መርዳቱ አይቀርም። የሚጎድለው ዶማ፣ መሰላል፣ ቃሬዛና የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ነው፤ ይህ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ የሚሟላ ነው።

«አደጋው ካልመጣ ገንዘቡ ከሰረ»

ለጋሾች በይፋ ባይናገሩትም በጣም የሚፈሩት ይህን ይመስለኛል። የአየር ንብረት ለውጥን ስለመቋቋም ያጠናው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ አውሎ ነፋስ ወይም የሙቀት ማዕበል ከመምጣቱ 24 ሰዓት ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ቢደርስ ጉዳቱ በ30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያ ከትንበያ ቢሮ ስለወጣ ብቻ ሰው ጋ አይደርስም። በር የሚያንኳኳ፣ «አሁን እንውጣ» ሲል የሚታመን ሰው ይፈልጋል።

ባንግላዴሽ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች። በ1970 የደረሰው አውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰዎችን ፈጀ። ከዚያ በኋላ መንግሥትና የቀይ ጨረቃ ማህበር በጋራ የሚመሩት የበጎ ፈቃደኞች መርሃ ግብር ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ አባላት አሉት። በ2020 አምፋን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወደ መጠለያ ተወሰዱ፤ በአገሪቱ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። በእርግጥ የተሻለ ትንበያና የተገነቡት መጠለያዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከመጠለያዎቹም ብዙዎቹ በደህናው ጊዜ ትምህርት ቤት ሆነው ያገለግላሉ። ታዲያ አውሎ ነፋስ ባልመጣበት ዓመት ገንዘቡ ባከነ የሚባለው በምን ሂሳብ ነው?

«በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ወጪ የለባቸውም»

ጉልበታቸውን በነፃ ይሰጣሉ፤ የድምፅ ማጉያው ባትሪ ግን በነፃ አይገኝም። የስልክ ካርድ፣ ትራንስፖርት፣ የዝናብ ልብስ፣ ለአደጋ የሚጋለጡ አባላት የመድን ዋስትና፣ በየዓመቱ የሚደረግ የልምምድ ቀን፣ ሂሳብ የሚይዝ ሰው አበል፦ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ብዙ ለጋሾች ዕቃ ለመግዛት ፈቃደኛ ሆነው የሥራ ማስኬጃን ይሰርዛሉ። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሬዲዮው ተገዝቶ የሚጠግነው ይጠፋል፣ የሠለጠኑት ይበተናሉ። ማህበራት ፕሮፖዛል ሲጽፉ ይህን ወጪ እንዳይደብቁት አጥብቄ እመክራለሁ። በግልጽ ይጻፉት፣ ይከራከሩበትም። ለአምስት ዓመት በየዓመቱ የሚመጣ መጠነኛ ገንዘብ፣ በአንድ ዓመት ተለቅቆ ከሚቆም ትልቅ ገንዘብ ይበልጣል።

«ትናንሽ ማህበራት ገንዘብ ማስተዳደር አይችሉም»

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ገንዘብ በየትኛውም ደረጃ ሊባክን ይችላል፣ በትልልቅ ድርጅቶችም ጭምር። ነገር ግን ለትናንሽ ማህበራት ገንዘብ መስጠት አዲስ ሙከራ አይደለም። ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ (GEF) የአነስተኛ ድጋፎች መርሃ ግብር ከ1992 ጀምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር ያልበለጠ ድጋፍ፣ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ ለሚገኙ የአካባቢ ማህበራት ሲሰጥ ቆይቷል። በ2016 ደግሞ ትልልቆቹ ለጋሾችና የዕርዳታ ድርጅቶች በኢስታንቡል ተሰብስበው፣ እስከ 2020 ድረስ ከሰብዓዊ ዕርዳታው 25 በመቶውን በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥና ለአካባቢ ድርጅቶች ለማድረስ ቃል ገቡ። በቀጥታ የደረሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ቀሪው ገንዘብ በብዙ እጅ ያልፋል፤ እያንዳንዱም እጅ የራሱን የአስተዳደር ወጪ ይቀንሳል።

አሠራሩ ካልተስተካከለ አንድ የሰፈር ማህበር ለትንሽ ድጋፍ፣ ለሚሊዮኖች የተዘጋጀ ቅጽና ኦዲት ይጠየቃል፤ ያቅተዋል፤ ከዚያ «አቅም የለውም» ይባላል። ቁጥጥሩ ከገንዘቡ መጠን ጋር ይመጣጠን። ክፍያ በየዙሩ ይለቀቅ፣ የባንክ ሂሳቡ ሦስት ፈራሚዎች ይኑሩት፣ ገቢና ወጪው አባላት ሁሉ በሚያዩት ቦታ ይለጠፍ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት ደረሰኝ ሲጠይቅ ከሩቅ ኦዲተር ይበረታል።

«ዝግጁነት ማለት ግንባታ ነው»

ግድብና የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያስፈልጋሉ። ቦዩን ከዝናብ በፊት የሚጠርግ ቡድን ከሌለ ግን ጎርፉ የደለል ክምር ያገኛል።

«ማህበሩ ከተወከለ ሁሉም ሰው ተወክሏል»

በ1991 ባንግላዴሽን በመታው አውሎ ነፋስ ከሞቱት መካከል ሴቶች ከወንዶች እጅግ ይበዙ ነበር። ብዙዎቹ ባሎቻቸው እስኪመጡ ከልጆቻቸው ጋር ቤት ጠበቁ፤ መጠለያዎቹም ለሴቶች የተለየ ቦታ ስለሌላቸው መግባት የተሳናቸው ነበሩ። ዛሬ ከላይ በተጠቀሰው የባንግላዴሽ መርሃ ግብር ካሉት በጎ ፈቃደኞች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ሰጪም ሆነ ማህበር መጠየቅ ያለበት የስብሰባውን ተሳታፊ ብዛት ብቻ አይደለም። ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ተከራዮች በጀቱ ሲወሰን ድምፅ አላቸው ወይ? ከሦስቱ ፈራሚዎች ቢያንስ አንዷ ሴት ናት ወይ? መልሱ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በጽሑፍ ይስፈር።