ሐረማያ ሐይቅ ዳር ለወፍ ማየት የሚያድር ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«ሐረማያ ደርቋል፤ ምን ሊታይ?»

መድረቁ እውነት ነው፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ። ውሃው ለሐረር ከተማ፣ ለጫትና ለአትክልት ማሳ ያለ ልክ ተሳበ፤ ከኮረብታው የታጠበው አፈርም ወለሉን ሞላው። አሁን ግን ውሃው ተመልሷል፤ ወፎቹም ተከትለውታል። ጥልቀት የሌለው መሆኑ አያስከፋም። ሳቢሳና ጋጋኖ የሚመገቡት ስስ ውሃና እርጥብ ጭቃ ላይ ነው።

«ጥሩው ጊዜ ሐይቁ የሚሞላበት ክረምት ነው»

በክረምት ውሃው ስለሚሰፋ ወፎቹ ይበታተናሉ፤ ዳርቻውም እግር ይውጣል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎች በብዛት የሚታዩት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። በእነዚህ ወራት ከድሬዳዋ የሚነሳ ሰው ጃኬት ይያዝ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የሚደርስበት ሐረማያ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሳይመሽ ይጠየቅ።

«ዋናው ነገር ውሃው አጠገብ ክፍል ማግኘት ነው»

ዋናው ሰዓቱ ነው። ወፍ በደንብ የሚታየው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል፣ ሙቀቱም ምስሉን ያርገበግበዋል። የብዙ ማረፊያ ቁርስ ግን 2 ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ የጠበቀ ሰው ምርጡን ሰዓት ገበታ ላይ ፈጀው። ማታውኑ ሻይ በፔርሙስና ዳቦ እንዲዘጋጅላችሁ፣ በሩም ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንዲከፈትላችሁ ንገሩ። ሐረር ጀጎል ውስጥ በጌ ጋር (በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) የሚያድር ሰው መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ኮንትራት መኪናውን ከዋዜማው ይዞ ይደር።

ቀጥሎ ብርሃን ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን፦ ጠዋት በምሥራቅ ዳርቻ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ። በተቃራኒው የቆመ ሰው የሚያየው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ማሳ መሀል ስታልፉ ደግሞ ገበሬውን በኦሮምኛ ሰላም በሉ፤ ፈቃድ ጠይቁ፤ በድንበሩ ላይ ተራመዱ።

«ባይኖኩላር ባጎላ ቁጥር ይሻላል»

12 እጥፍ የሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም 12 እጥፍ ያጎላል፤ የሚያሳየው ስፋትም ጠባብ ስለሆነ የሚበር ወፍ ያመልጣል። ለእጅ 8 በ42 ይበቃል። 42 ሚሊ ሜትር የፊት መስታወቱ ስፋት ነው፤ ለ8 ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል፤ ይህም ለንጋት ጥሩ ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ መስታወቱ ላብ ያወጣል፤ በሸሚዝ አትጥረጉት፣ ቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ ተዉት።

«ወባ የሐይቅ ዳር ጣጣ ነው»

በዚህ መንገድ ይበልጥ የሚያሰጋው ድሬዳዋ ነው። እዚያ በበርሜልና በታንከር ውሃ የምትራባ የወባ ትንኝ ስላለች፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አጎበር ይዘርጋ።

«ሐረር ጅብና ጭላት ይመገቡ የለም? እዚህም ዳቦ እንወርውር»

አይሆንም። ለምሳሌ ፍላሚንጎ መንቆሩን ገልብጦ ከውሃው በዓይን የማይታይ ዋቅላሚ የሚያጠል ወፍ ነው፤ ዳቦ አይበላም። የተወረወረው ዳቦ ውሻ ይጠራል፤ ውሻው መንጋውን ያስነሳል።

ስትጠጉም ወፎቹን ተመልከቱ። መመገብ አቁመው አንገታቸውን ካቀኑ ባላችሁበት ቁሙ። ወደ መሀል መራመድ ከጀመሩ አልፋችኋልና አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁጭ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይመለሳሉ።