«ግፊቱን ጨምርበት!» እና ሌሎች የኢምቦስ ስህተቶች

ካርቶን ወይም ግብዣ ካርድ ላይ የተነሳው ቅርጽ ደብዘዝ ባለ ቁጥር ማሽኑ አጠገብ አንድ ድምፅ አይጠፋም፦ «ግፊቱን ጨምርበት!» ኢምቦስ፣ ማለትም ወረቀት ላይ ቅርጽን ጉብ አድርጎ ማውጣት፣ የጉልበት ሥራ የሚመስለው ሰው ብዛቱ!

የቅርጹን ከፍታ የሚወስነው ዳዩ ነው፤ ዳይ ማለት ቅርጹ የተቀረጸበት፣ ሴቴና ወንዴ ያለው ጥንድ ቅርጽ ማውጫ ነው። ወረቀቱ ጎድጓዳው ሴቴና ጉብ ያለው ወንዴ መሃል ተይዞ ይለጠጣል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የሚቀረው ክፍተት የወረቀቱን ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ወረቀቱ የሴቴውን ወለል ከነካ በኋላ የሚጨመር ግፊት ቃጫውን ይፈጨዋል እንጂ ቅርጹን አያሳድገውም። ካላመናችሁ ናሙናውን ወደ መብራት አንሱት፤ በቅርጹ ጠርዝ ቀጭን የብርሃን መስመር ካለፈ ወረቀቱ ተቆርጧል።

ቅርጹ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚፈተሸው ወንዴና ሴቴው በትክክል መግጠማቸው ነው። ትንሽ ከተዛነፉ አንዱ ጠርዝ ስል፣ ተቃራኒው ድፍን ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ ግፊት መጨመር ስሉን ጠርዝ መቅደድ ነው። የደከመው አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ ከሥሩ ስስ ወረቀት ይለጠፍበታል። ቀጥሎ የዳዩ ግድግዳ ይታያል፦ ቀጥ ብሎ ከቆመ እንደ ቢላ ይቆርጣል፣ ዘመም ካለ ግን ወረቀቱ ሳይቀደድ ጠለቅ ብሎ ይወርዳል። ወረቀቱም ደርቆ ከሆነ ከመለጠጥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል፤ የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።

«ወፍራም ወረቀት ሁሉ ይሆናል» የሚባለውም ልክ አይደለም። ወሳኙ የቃጫው ርዝመት ነው። ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 250 ግራም የሚመዝን ወረቀት የሚችለውን ጥልቀት፣ ቃጫው ያጠረ 300 ግራም ዳግም የተመረተ ወረቀት ላይችለው ይችላል።

ዲዛይነሮች ደግሞ ስክሪን ላይ ያማረ የፀጉር መስመር ይልካሉ። ወረቀቱ ራሱ 0.4 ሚሊሜትር እየወፈረ 0.2 ሚሊሜትር መስመር ውስጥ እንዴት ይግባ? መስመሩን አወፍሩ፣ ፊደሎቹንም አራርቁ።

ላሚኔሽን (በስስ ፕላስቲክ መለበጥ) ከኢምቦስ በኋላ? ሮለሩ የተነሳውን ሁሉ ይደፈጥጠዋል። መጀመሪያ ኅትመት፣ ከዚያ ላሚኔሽን፣ ቀጥሎ ኢምቦስ፣ ቆረጣና ማጣበቅ በመጨረሻ።

ጀርባውም ባዶ አይቀርም፤ የቅርጹ ግልባጭ ሰርጉዶ ይታይበታል። ትንንሽ ጽሑፍ እዚያ አይቀመጥም፤ ሙጫ የሚቀባው ክንፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ ኢምቦስ አይደረግም፣ ሙጫው ገጽ ለገጽ አይገናኝምና።

ያለቀውን ሥራ በረጅሙ አትከምሩት። የላይኛው ክብደት የታችኛውን ቅርጽ ያስተኛዋል፤ አጫጭር ቁልል ይበቃል።