ኤሌክትሮኬሞቴራፒ ለሴቶች የመራቢያ አካላት ካንሰር

ስሙን ሲሰማ ብዙ ሰው በኤሌክትሪክ ዕጢ ማቃጠል ይመስለዋል። በኤሌክትሮኬሞቴራፒ ግን የኤሌክትሪኩ ሥራ በር መክፈት ነው። ካንሰሩን የሚገድለው መድኃኒቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ብሊዮማይሲን፣ አንዳንዴም ሲስፕላቲን።

ብሊዮማይሲን የቆየ መድኃኒት ነው። ጃፓናዊው ሐማኦ ኡሜዛዋና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከባክቴሪያ ያገኙት ነው። ህዋስ ውስጥ ከገባ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል። ችግሩ መግባቱ ላይ ነው። ሞለኪውሉ ትልቅና ውሃ ወዳድ ነው፤ የህዋስ ሽፋን ደግሞ ስብ ነው። ስለዚህ አብዛኛው መድኃኒት ደጅ ሲጠና ይቀራል። እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ) የሚቆዩ 8 ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምቶች ሲለቀቁ ሽፋኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ይበሳሳል። መድኃኒቱ ይገባል፣ ቀዳዳውም መልሶ ይገጥማል። በላቦራቶሪ በተሞከሩ ህዋሳት ላይ የብሊዮማይሲን ገዳይነት በዚህ መንገድ በመቶዎች እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ጨምሯል። የሲስፕላቲን ጭማሪ እዚህ አይደርስም።

ምቱ ሌላም ነገር ያደርጋል። የዕጢው ደም ስሮች ይኮማተራሉ። መድኃኒቱ ቶሎ ታጥቦ አይሄድም፤ ሲደማ የነበረ ዕጢም መድማቱ ይቀንሳል ወይም ይቆማል።

ዘዴው የተወለደው ፓሪስ አጠገብ ቪልዥዊፍ በሚገኘው የጉስታቭ ሩሲ ተቋም ነው። ሉዊስ ሚርና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች ውጤት አሳተሙ። ታካሚዎቹ የራስና የአንገት ካንሰር የነበረባቸው ናቸው። በ2006 ደግሞ የቪልዥዊፍ፣ የሉብሊያና፣ የኮፐንሃገንና የኮርክ ሐኪሞች የጋራ የአሠራር መመሪያ አወጡ። ያኔ ትኩረቱ ቆዳ ላይ ነበር።

ወደ ሴቶች ሕክምና የገባውም በዚያው በቆዳ በኩል ነው፤ በውጭ ብልት ካንሰር። ይህ ካንሰር በብዛት የሚይዘው በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው። አንዳንዱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ኤችፒቪ ቫይረስ ይነሳል፣ ሌላው ቆዳን ከሚያሳሳና ለዓመታት ከሚያሳክክ በሽታ። መደበኛው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፣ አስፈላጊ ሲሆን ጨረር። ችግሩ ዕጢው ተመልሶ ሲመጣ ነው። ቦታው ጠባብ ነው። ከላይ የሽንት ቧንቧ፣ ከታች ፊንጢጣ። ድጋሚ መቁረጥ ማለት አንዳንዴ ሰገራን በሆድ በኩል ማስወጣት ማለት ነው። በጨረር የተመታ ቆዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዙር ጨረር አይችልም። ሴትዮዋ መቀመጥ ያቅታታል። ይደማታል። ጠረኑ ደግሞ ከሰው ያሸሻታል፤ ይህን ለሐኪም እንኳ አፍ አውጥቶ መናገር ይከብዳል።

በዚህ ላይ ብዙ የሠራው በጣሊያን የቦሎኛው ሳንቶርሶላ ሆስፒታል ነው። በ2013 ውጤት ያሳተሙት በጥቂት ታካሚዎች ላይ ነበር፤ በኋላ ሌሎች ሆስፒታሎች ተጨመሩ። ዓላማው በአብዛኛው ማስታገስ እንጂ ማዳን አይደለም። እንደኔ ይህ ዘዴውን አያሳንሰውም። ለዚያች ሴት መድማቱ መቆሙ ራሱ ሕክምና ነው።

ቀኑ ሲደርስ ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታል። በደም ስሯ ብሊዮማይሲን ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 15,000 ዩኒት። ከዚያ ሁሉም ሰዓት እያየ 8 ደቂቃ ይጠብቃል፣ መድኃኒቱ ዕጢው ጋ እንዲደርስ። ሐኪሙ ጫፉ ላይ መርፌዎች የተደረደሩበትን እጀታ ዕጢው ውስጥ ይሰካና ፔዳሉን ይረግጣል። ምቱ ሲለቀቅ የታካሚዋ ጭን ብድግ ይላል። እሷ አትሰማውም። ሐኪሙ መርፌውን ነቅሎ አጠገቡ ይሰካል፣ እንደገና ይረግጣል፤ ዕጢውንና ጠርዙን ክፍተት ሳይተው ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ ቅርፊት ይይዛል። ዕጢው በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ሰፊ ከነበረ ቁስሉ ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ዕጢ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ሌላ የሰውነት ክፍል ለደረሰ ካንሰር ግን አይረዳም፤ የሚሠራው መርፌው በደረሰበት ብቻ ነው። ዳሌ ውስጥ ላለ ካንሰር በረጃጅም መርፌዎች እየተሞከረ ነው፣ ገና የጥናት ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ለእሱ መደበኛው ሕክምና አሁንም ቀዶ ጥገና ወይም ጨረር ከኬሞ ጋር ነው፤ «በኤሌክትሪክ ይድናል» የሚል ወሬ ከሰሙ አይቀበሉ።

ዕጢው ከተመለሰ ሕክምናው ሊደገም ይችላል። እዚህ ላይ ከጨረር ይሻላል። ገደቡ ሳንባ ነው። ብሊዮማይሲን ሲጠራቀም ሳንባ ላይ ጠባሳ ፈጥሮ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ሐኪሞች በሕይወት ዘመን የተወሰደው ድምር ከ400,000 ዩኒት እንዳያልፍ ይቆጥራሉ። ኩላሊቷ የደከመ ታካሚ መጠኑ ይቀነስላታል፤ ሳንባዋ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ በደም ስር አይሰጣትም።