«ቀሽም ነው!»፦ የጎንደር ተመልካችና ከመጽሐፍ ወደ ስክሪን የመጣ ታሪክ

በጎንደር አንድ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ሲያናድድ ፍርዱ ባብዛኛው አንድ ቃል ነው። «ቀሽም!» ትንሽ ከባሰ ደግሞ «ተበላን» ይባላል። ያለቀው የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ ያመሸንበት ሌሊት፣ ለዓመታት የያዝነው ጉጉት፣ ሁሉም ተበላ ማለት ነው። እዚህ የምናየው ይህንኑ ቅሬታ ነው። በተለይ ቀድመን በመጽሐፍ፣ በሬዲዮ ወይም በሽማግሌ አፍ የምናውቀው ታሪክ ስክሪን ላይ ሲወጣ የሚያድርብንን ቅያሜ።

ቅያሜው የዓለም ነው። ጎንደር ላይ ግን የራሱ መልክ አለው። የሌላውን ቃል ተቀብሎ መልሶ የሚናገርን ሰው እዚህ ሰው በጥብቅ ይከታተለዋል፤ ልማዱ ከስክሪን በፊትም ነበረ። አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ የተሰጠውን መልሶ ማዜም አለበት። አንድ ቃል ከጣለ ሰምና ወርቁ ይፈርሳል። ያኔ ግጥም ሰጪው ብርጭቆውን ያስቀምጥና እጁን ያነሳል። «አይደለም፣ አይደለም፣ ስማኝ!» ብሎ ይደግምለታል። አዝማሪው ይስቃል፣ ያስተካክላል፣ ቤቱ ያጨበጭባል፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ፊልም ሠሪን ግን «ተቀበል» አይሉትም። ሥራው ተቆርጦና ተቀጥሎ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው እጃችን የሚገባው። የሚያንገበግበን ግማሹ ይሄ ይመስለኛል።

ስክሪን ወደ ከተማዋ የመጣው በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዞ ሲቆይ ፒያሳ አካባቢ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ሲኒማ ቤት ነበር። የአገሪቱ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ጎንደር ሳሎን እስኪደርስ ግን ብዙ ቆየ። ቀጥሎ የቪዲዮ ቤት ዘመን ሆነ። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮት ላይ የተሰፋ ጥቁር ጨርቅ፣ የህንድና የካራቴ ፊልም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የተማርነው ሕግ አንድ ነው፤ «አክተሩ አይሞትም»። አክተር ስንል ዋናውን ጀግና ነው። ሌላው ሁሉ ይለቅ፣ እሱ አይሞትም። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ከዚያ ፍላሽ መጣ። ሱቅ ሄዶ ማስጫን ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪም ይሁን አፄ ቴዎድሮስ ግቢ፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ተማሪ ለዶርሙ ሁሉ ወዳጅ ነበር። አሁን ያን ቦታ ቴሌግራም ወስዶታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ባብዛኛው የቱርክ ናቸው። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ያኔ ብዙ ተቃወሙ። ሰፈሩ ግን ማታ ማታ ጭር ማለት ጀመረ።

የድምፅ ትርጉሙን ነገር ትንሽ ልቆይበት፤ ማንም ልብ ሳይለው የሚያልፍ ጉድ አለበት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ቱርክኛም እንደዚያው። ስለዚህ ተዋናዩ ነገሩን አንቆ ይዞ ከባዱን ቃል መጨረሻ ላይ ሲጥለው፣ አማርኛውም እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። ከእንግሊዝኛ ሲመለስ እንዲህ አይመችም። ግን ቱርክኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን አይለይም። በአማርኛ ደግሞ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ በቱርክኛው ማን እንደሆነ ያልታወቀው ሰው፣ በአማርኛው ወንድ መሆኑ ወይም ሴት መሆኗ ይጋለጣል። ምስጢሩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ አፈትልኮ ይወጣል። ሌላው ጣጣ አንቺና እርስዎ ነው። ምራት አማቷን «አንቺ» ስትል የሰማች የጎንደር እናት ታሪኩን ትታ ስለ አስተዳደግ ማውራት ትጀምራለች። ርዝመቱም አለ። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል በአገሩ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ ሲወጣ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ እየሆነ ይከፋፈላል። ደራሲው «ይብቃ» ያላለበት ቦታ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ቡና ቀርቦ ሳይቀዳ እንደመነሳት።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ጎንደር የትርጓሜ ከተማ ናት። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለዩት እዚሁ ነው። አንድምታው አንዱን ቃል ይዞ «አንድም እንዲህ ማለት ነው» ይላል። ይቀጥልና ሌላ «አንድም» ያመጣል። አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ልቦለድ የሚያነብ ሰው ጭንቅላት ውስጥም ይሄው ነው የሚካሄደው። ጀግናይቱ አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም ደማም ናት፣ አንድም የጎረቤታችንን ልጅ ትመስላለች። ስክሪን ግን ያለው አንድ «አንድም» ብቻ ነው። ተዋናይቱ በተመረጠች ዕለት የቀሩት ሁሉ ከቤት ይወጣሉ። «እሷን አትመስልም» የምንለው ለዚህ ነው። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። እኛ ያባረርናትን ሌላዋን እየፈለግን ነው።

ትልቁ ምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ ክርክሩ ላይ ግን ጎንደሬውም ከማንም አያንስም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ ሰብለ ወንጌልንም በዛብህንም ጉዱ ካሣንም በጆሮው ነው ያያቸው። አንድ ሰው ሁሉንም ሆኖ ሲናገር ማንንም አልከለከለም፤ ፊታቸውን ለኛ ትቶልን ነበር። መጽሐፉ በቅርብ ዓመታት ለቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ሲሠራ ሥራው የገጠመው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አልነበረም፣ ከዚያ ድምፅም ጋር ነው። ይሄ ለማንም ከባድ ነው።

ሒሳቡንም እንየው። የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጹ በልማድ ወደ አንድ ደቂቃ ይገመታል። ሁለት ሰዓት ማለት መቶ ሃያ ገጽ ነው። 500 ገጽ እዚያ ውስጥ ሲገባ ምን ይቀራል? ሐሳብ ነው ቀድሞ የሚወድቀው። ደራሲ «ልቧ ፈራ» ብሎ በሁለት ቃል የሚጨርሰውን ካሜራ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ወይ ተዋናይዋ ታለቅሳለች፣ ወይ ዋሽንት ይገባል። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሆናል።

የቴዎድሮስ ነገር ደግሞ ቤታችን ድረስ ይመጣል። የቋራውን ካሳ ታሪክ ልቦለድ ያደረጉ ብዙ ናቸው። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳትመዋል። መድረክ ላይም ደጋግሞ ወጥቷል። ተመልካቹ መቅደላን ይጠብቃል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ሽጉጡን ጠጥቶ የወደቀበትን። ጎንደር ግን ሌላም ታስታውሳለች። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘርፏል፣ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥሏል። እዚህ ስሙን በኩራት የሚጠራ ሽማግሌ በዚያው አፉ ያን ቃጠሎ ይነግርሃል። አንድም ጀግና፣ አንድም ያቃጠለን። ሁለቱን አብሮ መያዝ አይከብደውም። ሁለት ሰዓት ያለው ትዕይንት ግን የመጀመሪያውን ይመርጥና ይሄዳል። ተመልካቹ ሲወጣ አንድ ነገር ጎደለው እንጂ ተሰደበ አይባልም። ምን እንደጎደለው ለመናገር ደግሞ ቤተሰቡ የሚያወራውን ማወቅ ይጠይቃል።

አነጋገርም ያጣላል። እዚህ «በልቸ፣ ሂጀ፣ ሁኖ» ነው የሚባለው። ተዋናዩ የጎንደር ባላገር ሆኖ ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላ ይዞ ይመጣና «ሄጄ» ይላል። አለቀ። ከኋላ አንዱ «የቦሌ ገበሬ!» ይላል፣ ሳቅ ይሆናል። በተቃራኒው አነጋገሩን አጋንኖ የሚያጣምመውም አለ፤ እሱማ የባሰ ነው። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለደው ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ይወሳል። አባቱም ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም፤ ግን ከጀርመን የተመለሰው አንበርብር ጣና ዳር ሲቀመጥ የአገሩ ሰው አፍ የአገሩን ይናገራል። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። እኔ የማስታውሰው ሽልማቱን ሳይሆን የእናትየውን አነጋገር ነው።

ግንቡስ? እሱ በየክሊፑ አለ። ፋሲል ግንብ ለሠርግም ለዘፈንም ለማስታወቂያም ይሆናል፣ ማንም አይቀየምም።

ወደ ሕጋችን እንመለስ። ከተከታታይ መጻሕፍት የተወሰደው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ዶርም ውስጥ ሲታይ የመጀመሪያው ድንጋጤ «አክተሩ አይሞትም» መፍረሱ ነበር። አክተር ያልነው ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ሲዝን አንገቱ ተቀላ። ያ አናደደን፣ ግን ይበልጥ አጣበቀን። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019፣ በ8 ሲዝን 73 ክፍል ተላለፈ። ችግሩ የመጣው መጽሐፉ ሲያልቅ ነው። አምስተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ ስድስተኛውን ዓለም እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ሠሪዎቹ ከመጽሐፉ ቀድመው ሄዱ። የመጨረሻው ሲዝን ስድስት ክፍል ብቻ ሆነ። ስምንት ዓመት የተፈተለ ነገር በስድስት ክፍል ተጠቀለለ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው «እንደገና ይሠራ» ብሎ ፈረመ። «ተቀበል፣ አይደለም፣ ስማኝ!» እንደማለት ነው፤ ግን አዝማሪው ቤቱን ዘግቶ ሄዷል። በዚያው ሲዝን በንግሥቲቱ ፊት ጠረጴዛ ላይ የዘመናችን የወረቀት ቡና ብርጭቆ ተረስቶ ታየ። በኋላ በኮምፒውተር አጠፉት። ቡና የሚያፈላ ሕዝብ ስኒ ሳይቆጥር እንደማያነሳ ቢጠይቁን እንነግራቸው ነበር።

መጽሐፉን አክብሮ መሥራት ብቻውን ግን አያድንም። ስቲቨን ኪንግ «ዘ ሻይኒንግ» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1980 ፊልም ሲሆን አልወደደውም። በ1997 ራሱ ጽፎት ለቴሌቪዥን ተሠራ። ለመጽሐፉ ታማኝ ነበር። ሰው የሚያስታውሰው ግን ያንን ደራሲው የጠላውን ነው። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደግሞ ከመጽሐፉ አንድ የታወቀ ሰው ሙሉ በሙሉ ጥሎ፣ ሦስተኛው ፊልም ብቻ 11 ኦስካር ወሰደ። አንባቢ የሚቀየመው በመቆረጡ አይመስለኝም። የቆረጠው ሰው መጽሐፉን ይወደው እንደሆነ ይታወቀናል፤ ቅያሜው ከዚያ ነው።

የአገር ውስጥ ተከታታይ ሌላ በሽታ አለበት፤ መጎተት። ስፖንሰር እስካለ ታሪኩ አያልቅም። ሰው ይታመማል፣ ውጭ ይሄዳል፣ ሞተ የተባለው ይመለሳል። ተዋናይ ከአዘጋጁ ጋር ሲጣላ ደግሞ ገፀ ባሕርዩ በድንገት መኪና ይገጨዋል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ታሪኩን ሳይሆን ከጀርባ ያለውን ነው የሚተነብየው።

አክስቴ ቸቸላ ነው የምትኖረው። የአንድ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ምሽት ሰባት ሴቶች ቤቷ ተሰበሰቡ። ፈንዲሻ ፈነዳ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደረሰ። ልክ ልጅቷ በሩን ስትከፍት መብራት ጠፋ። ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ ማንም አላየም። ጩኸት ሆነ። አክስቴ ሻማ ለኮሰችና «ቆይ እኔ ልንገራችሁ» አለች። በሩ ላይ የቆመው አባትየው እንደሆነ፣ ልጅቷ መጀመሪያ እንዳላወቀችው፣ ከዚያ ጫማውን አይታ እንዳወቀችው፣ እግሩ ላይ ሳትወድቅ ውሃ እንዳቀረበችለት እየነገረች ቡናውን በረካ ላይ አደረሰችው። ሁለት ሴቶች አለቀሱ። ማንም «ከየት አመጣሽው?» አላለም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተደገመ። እኔም ነበርኩ። በሩ ተከፈተ። የቆመው አባትየው አልነበረም፤ ፖሊስ ነው። ወረቀት ሰጣት፣ ሙዚቃ ገባ፣ ስም ዝርዝር ወረደ። አክስቴ ሪሞቱን አነሳችና አጠፋችው።

«እንዲህ አልነበረም እኮ» አለች።