የጥንካሬና የክብደት ምጣኔ ምንድን ነው? የታማሚ ቃሬዛስ ከምን ይሠራ?

70 ኪሎ የሚመዝን ታማሚ 30 ኪሎ በሚመዝን ስትሬቸር ላይ ተኝቶ አራት ሰው ቢሸከመው ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ ይደርሰዋል። ስትሬቸሩ 8 ኪሎ ከሆነ ግን ድርሻው ወደ 19 ተኩል ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም አንድ ሰው እንዲያነሳ የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው፤ ያውም ሸክሙ ለሰውነት የቀረበ፣ መያዣው የተመቸ፣ ወገብም ያልተጠማዘዘ ሲሆን። ታማሚ ይዞ ከሦስተኛ ፎቅ በጠባብ ደረጃ ለሚወርድ ሰው ከእነዚህ አንዱም አይሟላለትም። በዚያ ላይ ክብደቱ እኩል አይከፋፈልም፤ ቁልቁል ሲወረድ ከታች በኩል የያዙት ይብስባቸዋል።

ታዲያ ኪሎው ከየት ይቀነስ? የጥንካሬና የክብደት ምጣኔ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁስ የሚችለውን ጫና ለእፍጋቱ (አንድ ሜትር ኩቡ ለሚመዝነው) አካፍሎ፣ በያንዳንዱ ኪሎ ምን ያህል አቅም እንደሚገኝ የሚያሳይ ቁጥር ነው። አቅም ሲባል ደግሞ ሁለት ነገር አለ፤ አለመሰበርና አለመጉበጥ። ብዙ ሰው የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው። ታማሚ ለሚተኛበት ዕቃ ግን ሁለተኛው ይብሳል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው የተኛበት ነገር ሳይሰበር ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች ቢለምጥ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ ሰውየው ግን ደህና አይደለም።

«አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ይሻላል» ሲባል እንሰማለን። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ፣ ያንኑ ያህል አሉሚኒየም 2,700 ኪሎ ይመዝናል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ላለመጉበጥ ያላቸው አቅም ደግሞ የብረቱ 200 ጊጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው)፣ የአሉሚኒየሙ 70 ነው። አቅሙን በቶን ለተለካው እፍጋት (ለ7.85 እና ለ2.7) ስናካፍለው ሁለቱም 26 አካባቢ ይወጣሉ። ቲታኒየምና ማግኒዥየም ብናስገባም ከ24 እስከ 26 ባለው ውስጥ ይገባሉ። በዚህ መለኪያ ብረታ ብረቶቹ እኩያ ናቸው ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቅርጹ ነው። የውጭ ስፋቱ 25 ሚሊ፣ የግድግዳው ውፍረት 1 ሚሊ የሆነ ክብ የብረት ቱቦላሬ በሜትር 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚያው ክብደት ከአሉሚኒየም ስፋቱ 38 ሚሊ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ የሆነ ቱቦ ማውጣት ይቻላል። ሁለቱን እኩል ብንጭናቸው የብረቱ ከአሉሚኒየሙ ከእጥፍ በላይ ይጎብጣል። ሰበቡ የቱቦ ግትርነት (ላለመጉበጥ ያለው አቅም) ከስፋቱ ጋር በኩብ ማደጉ ነው፤ ግድግዳው ሳይነካ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ብረቱንስ ለምን 38 ሚሊ አናደርገውም? ይቻላል፤ ግን ክብደቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ግድግዳው ወደ 0.65 ሚሊ መሳሳት አለበት። እንዲህ የሳሳ ቱቦ የአምቡላንስ በር ጠርዝ ሲነካው ይጎደጉዳል፣ በያጅ ኤሌክትሮዱን ሲያስጠጋው ይበሳል። ቀላል ቁስ የሚጠቅመው ሳይከብድ ሰፋና ወፈር እንድንል ስለሚፈቅድልን ነው። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ረጅም የሚቆመው በዚሁ ሕግ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የገጠሩ ቃሬዛ እንደሚታማው ከባድ አይደለም። 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ሁለት ሜትር ተኩል የሚረዝም ደረቅ የባህር ዛፍ አጣና 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሁለት አጣናና ጠፍር ሲደመር፣ ለሁለት ተከፍሎ ከታማሚው ሥር በሚገባው የፋብሪካ የአሉሚኒየም ስትሬቸር አካባቢ ነው፤ እሱም 8 ኪሎ ገደማ ነው። ቃሬዛው የሚሸነፈው በንጽሕና ነው። እንጨትና ቆዳ ደም ይመጥጣሉ፤ የመጠጡት ደግሞ ታጥቦ አይወጣም። በውጭ አገርም አከርካሪው የተጎዳ ሰው የሚተኛባቸው የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎች ለፕላስቲክ ቦታ የለቀቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፕላስቲክ በበረኪና ይታጠባል፣ ራጅም ያሳልፋል፤ ታማሚው ከሰሌዳው ሳይነሳ ሊነሳ ይችላል (ፎቶውን ማለቴ ነው)። ግን ግትርነቱ 1 ጊጋፓስካል ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰሌዳው ወፍራም ሆኖ ውስጡ ባዶ ወይም በፎም የተሞላ መሆን አለበት። ጸሐይ ላይ ዓመታት ከከረመም ይሰነጠቃል። በረኪና በተራው አሉሚኒየምን አይወድም፤ ሐኪም ቤት ደም ለሚጸዳበት 0.5 በመቶ ክሎሪን ተጋልጦ በውኃ ካልተለቀለቀ ላዩ ነጥብ ነጥብ እያለ ይቦረቦራል።

ካርቦን ፋይበር (በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ንብርብር) ከብረታ ብረቶቹ ሁሉ ይቀላል፤ እፍጋቱ ከአሉሚኒየም ግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ራጅም ያሳልፋል። ችግሩ ዋጋው ብቻ አይደለም። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፣ ጉዳቱም ያስታውቃል። ካርቦን ፋይበር ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። ወድቆ የተነሳ ዕቃ ማን ይመረምረዋል? ይህን የሚመልስ ባለሙያ በሌለበት ቦታ ለታማሚ ባልገዛው ይሻለኛል።

ክብደት የሚያስጨንቀው ተሸካሚውን ብቻ አይደለም። የአውሮፓ የአምቡላንስ ደንብ ስትሬቸሩና ማሰሪያው የስበትን 10 እጥፍ ግፊት እንዲችሉ ይጠይቃል። 70 ኪሎ ሰው 40 ኪሎ ስትሬቸር ላይ ካለ፣ በግጭት ጊዜ ወለሉ ላይ ያለው መቆለፊያ የ1,100 ኪሎ ያህል ጉተታ ያርፍበታል። በባትሪ ራሱን የሚያነሳው ዘመናዊ ስትሬቸር ብቻውን 57 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የሠራተኛውን ወገብ ያድናል፣ መቆለፊያው ላይ ግን ሸክም ይጨምራል።

የመጨረሻው ነገር ብየዳ ነው። የብረት ስትሬቸር እግር ቢሰበር የትም ከተማ በያጅ አይጠፋም። አሉሚኒየም አርጎን የሚባል ጋዝ ይፈልጋል፤ አርጎኑ ቢገኝ እንኳ ለዚህ ሥራ የተለመደው በሙቀት የጠነከረ ዓይነት በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ የተመለሰ ስትሬቸር ከውጭ አዲስ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ለወረዳ አምቡላንስ የምመርጠው ቱቦዎቹ በቡሎን የተያያዙትን፣ የተጎዳው ተፈትቶ በሌላ የሚተካውን የአሉሚኒየም ስትሬቸር ነው፤ ከተበየደው በሁለት ኪሎ ቢከብድም።